ሁለት መንጋጋ

ቅዳሜ ገበያ፣ ሞጣ ሆስፒታል፣
ከጥርስ ክፍል ደጃፍ ሰው ተሰልፏል፤
ጉንጩን በነጠላ ጠፍሮ ያሰረ፣
ሌሊቱን ከቀራንዮ ሲጓዝ ያደረ።
እኔ ግን ቆልፌ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣
ማመም የተዉ ጥርሶች ገልጬ አያለሁ።

ሁለት መንጋጋ ነው በጥጥ ላይ የተኛ፣
ያረፈ ጎን ለጎን እንደ መንገደኛ።
ሽባባው ነው ያገኘው፣ ካባይ ገደል አፋፍ፣
ድንጋይ ሲፈነቅል ለበረቱ ደጃፍ፤
የሰው አጥንት ሲያይ ዶማውን ጥሎ
በጣቱ ቆፈረ፣ ይቅር በሉኝ ብሎ።
ምሁራን መጡና ከጆሮ ሥር አጥንት
ቆንጥረው ወሰዱ ጥቂት እንደ ዱቄት።
ጥርሱን ለኔ ተዉልኝ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት
ስሞላ፣ ስነቅል፣ ስሰማ ጩኸት።

የትልቋ ሴትዮ ጥርሷ ተፈግፍጓል፣
እንደ ቤተስኪያን ደፍ መሐሉ ጎድጉዷል።
ሥራሥር ቆርጥማ፣ ዓሣ ካባይ አውጥታ፣
የድኩላ ጅማት በጥርሷ ጎትታ
ኖራለች፤ ግን አንድም የተበላ የለም፤
መርፌዬም ቢዳስስ ቀዳዳ አላገኘም።

ታናሿን ሳያት ግን... ሃያ ዓመት ቢሆናት፣
ሦስቱ ተቦርቡሮ፣ አንዱ ወድቆባት።
ከጥርሷ ዝገት ውስጥ፣ በማጉሊያ ሲታይ፣
የዳጉሳ ብናኝ፤ የዚያን ቀን ሲሳይ።
የእህል በሽታ ነው፤ የገንፎ፣ የንፍሮ፣
ጥርስ ላይ ተጣብቆ ስኳር ሆኖ አድሮ።
እደጅ ቆሞ ያለው ሕመሙ ይኸው ነው፤
ለካስ ይኸ ሰልፍ ያኔ ነው የጀመረው!

ትናንት ደብዳቤ መጣ፤ ዲኤንኤው ተነቧል፤
እናትና ልጅ ናቸው፤ እሱ ተረጋግጧል።
የናት ዘር ከዚሁ፣ ካባይ በረሃ፤
የልጅ እኩሌታ ከማዶ፣ ከሌላ ውሃ።
አባትየው የለም፤ ስምም አጥንትም የለ፤
በልጁ ጥርስ ላይ እህሉ ብቻ አለ።

ሽባባው ገባና፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
መንጋጋዎቹን አየ፣ ቆመ ተጨንቆ።
«ዘመዶቻችን ናቸው?» አለኝ በለሆሳስ፤
እንጃ ልል ነበረ፣ ታሰረብኝ ምላስ።
«አባቷ ከማዶ፣ እህል ይዞ የመጣ
ይመስላል» ስለው፣ ሳቅ ከፊቱ ወጣ፤
«አማች ነዋ ታዲያ! የምን ባዳ፣ ሌላ?
ጥርሳችንን በልቶ ሆዳችንን ሞላ።»

አንድ ነገር አለ ደብዳቤው ያልጻፈው፣
ካንዱ ቀዳዳ ላይ መርፌዬ የነካው፤
ሰም ነው። የዱር ንብ ሰም፣ በጣት የተጫነ፣
ጠርዙ ተስተካክሎ ልክ ልኩ የሆነ።
ማን ሞላላት? እንጃ። ገደሉን ወጥታ
ማር ማውረድ የምታውቅ ሴት፣ በዚያች ማታ፣
ሰሙን በትንፋሿ አሙቃ፣ አለስልሳ፣
«አፍሽን ክፈቺ» ያለች ይሆን እሷ?
በምን ቋንቋ፣ አላውቅም።
ሰሙን አገኘሁት፤ ወርቁን ማን ይፍታልኝ?
የጆሮ አጥንት ቢፈጭም እሱን አይነግረኝ።

ሽባባው ጉንጩን ይዞ ወንበር ላይ ወጣና
«ከመጣሁ አይቀር...» አለኝ፣ አፈረና።
ጓንቴን አጠለቅሁ፤ መብራቱን አቀናሁ፤
«አፍህን ክፈት» አልሁ።