በደረቁ

በካላማ ሰማይ ወሬው እንጂ ዝናብ አይዘንብም፤
ጣራ አይጠብቀውም፣ ቦይ አይቆፈርም።
ሎአ የሚሉት ወንዝ አለን፣ ጨው የተጫነው፣ ቀጭን፣
ከመዳብ ማዕድኑ ተርፎ ጠብታው የሚደርሰን።

አባቴ ኒካኖር፣ በዚህ ሁሉ ደረቅ፣
ቱቦ ተሸክሞ ኖረ፣ እሳት ሲያድን፣ ሲያርቅ።
ደሞዝ የለው፤ በፈቃዱ።
ደወል ከሰማ፣ ሾርባውን ትቶ ነው መንገዱ።

አንድ ሌሊት፣ በሰባት ዓመቴ፣
የስልክ ቤቱ ነደደና ሮጠ አባቴ፤
በሩን በመጥረቢያ ናደ፣
የሳምንት መጠጣችንን ባንድ ቱቦ አዥጎደጎደ።
እሳቱ ሞተ። ሕንፃው ዳነ።
ከተማው ግን አርባ ቀን ድዳ ሆነ።
ሽቦው በጨው ውሃ አረንጓዴ አብቦ፣
ስንቱ «ሃሎ» ቀረ ከጉሮሮ ተሰብስቦ።
አባቴ ሲቀበር አንዲት መበለት፣ ከሰልፉ ኋላ ቆማ፣
«የባሌን የመጨረሻ ቃል ያሰመጠው» ስትል ተሰማ።

ለዚህ ይሆን፣ ጎልምሼ የመረጥኩት ሥራ
ውሃ የማይገባበት ክፍል፣ የማሽኖች ጎተራ?
ተራራው ላይ ቴሌስኮፖች ኮከብ ያጭዳሉ ማታ፣
ምርቱን እኛ እንከታለን፣ በዲስክ በተሠራ ጎታ።
ከግድግዳው ጥግ ሲሊንደሮች፣ ቆመው እንደ ዘበኛ፤
ናይትሮጅንና አርጎን፣ ሽታ የለሽ፣ ቀለም የለሽ፣ ዝምተኛ።
በየስድስት ወሩ ግፊታቸውን አነባለሁ፣
አንገታቸውን በጨርቅ አብሼ፣ ቁጥሩን በእጄ እጽፋለሁ።

ዳንኮ፣ አዲሱ ልጅ፣ ሳቀ፦ «እሳት በአየር ይጠፋል?»
እሳትም እንደኛ ነው አልኩት፤ ትንፋሽ ካጣ ያልፋል።
ውሃ ይመታል፣ አረፋ ይለቀልቃል፣ ዱቄት ይበላል ሽቦ፤
ይሄ ግን እጁን አያሳርፍም፣ ይሰርቃል ብቻ ከቦ፤
ኦክስጅኑን ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ሁለት አውርዶ።
ነበልባል በዚያ አይኖርም።
ሰው ግን ለጥቂት ደቂቃ ይተርፋል፣ ተንገዳግዶ።

ነሐሴ ነበር፤ ውጭው ብርድ። ከኃይል ማከፋፈያው ሳጥን
እንዳረረ ላስቲክ ሸተተን።
ከዚያ ደወል። ከዚያ ቀይ መብራት። ሠላሳ ሰከንድ።
ዳንኮ ወደ ውስጥ ዞረ፤ «ኮምፒውተሬ!» አለ፣ የሰው ጉድ።
በኮሌታው ጎተትኩት። አሥራ አምስት። አሥራ አራት። አንድ ጫማው ቀረ።
በሩ ከኋላችን ተቀረቀረ።

ከዚያ ጮኸ።
ዝምተኛ ያልኩት።
ዐሥራ አንድ ዓመት ትንፋሹን ውጦ የኖረ አየር
በጠባቡ አፉ ሲፈተለክ፣ ከወለሉ ላይ እስኪርገበገብ እግር።

እሳቱ ጠፋ፣ ይህን ለመናገር ከሚፈጀው ባነሰ።
አየሩ ተለውጦ ስንገባ፣ አንድ ሽቦ አልራሰ።
ዳንኮ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ፤
«ደረቅ!» አለ፤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አባቴ ትዝ አለኝ፤
በዚያ ክፍል ውስጥ እርጥብ ነገር፣ የእኔ ፊት ብቻ ሆነ።

ሲነጋ ግን ዲስኮቹን ጠራን። አርባ ሰባቱ አልመለሱም።
አልነደዱም። አልራሱም።
ጩኸት ነው ያስደነገጠው፣ ከፀጉር የቀጠነ መርፌያቸውን፤
ሲንበረከክ ቧጨረው፣ የገዛ ገጻቸውን።
የሦስት ሌሊት ሰማይ ሄደ፣ ዳግም የማይታጨድ።
አባቴን ውሃው ከዳው፣ እኔን ደግሞ አየር፤
በደረቁ ተላጨሁ፣ ለዚያውም በጩኸት ስለት።

ለአለቆች ጻፍኩ፦ ድምፅ የሚያፍን አፍ ይገዛልን፣
ዲስኮቹም ከአፉ ይራቁ፣ ወይም ይከለሉልን።
ፊርማዬን ሳልጨርስ ስልኩ ጠራ፤
አንዲት የኮከብ ተመራማሪ፣ ከዚያ ከተራራ፣
«ሃሎ?» አለች። «የማክሰኞዋ ኮከቤ የታለች?»
መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።
ምላሽ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ቀፎውን እንደያዝኩ፣ ዳንኮ በአንድ እግሩ እየነጠረ
ጫማውን ከበሩ ሥር አነሣ፤ አራገፈው፣
አንዳች ጠብ አላለም።