አራት ደቂቃ

ኦዲል ቅንድብ የላት፣ በእርሳስ ትስላለች፤
ግራዋ ከቀኟ ከፍ ብላ ስላለች
ለሚያያት ሰው ሁሉ
እንደተጠራጠረች ትኖራለች።

ከሂዩሮን ሐይቅ ጥግ፣ ከካናዳ ዳርቻ
ማደያ አላት ትንሽ፣ ለጀልባ ነው ብቻ፤
እኔ ቱቦ ያዥ ነኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ቤንዚን ቤንዚን ይላል ትራሴና ቤቴ።

ያን ቅዳሜ ሊንደን በነጭ ጫማ መጣ፤
ሁለት ልጅ፣ አንድ ውሻ፣ በበረዶ ሣጥን ዶሮ ይዞ መጣ፣
ጊዜ ብቻ አጣ።
ቀዳሁለት። ከፈለ። ቁልፉን ሊያዞር ሲል
«ቆይ» አለች ኦዲል።
«መክደኛውን አንሣ። አየር አውጪው ይዙር።
አራት ደቂቃ ነው፣ አትሞትም፣ ቁጠር።»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አሉ፤
ጤፍ ነዋ! ስንዴ ነዋ! ይለቀማል ሁሉ።
የቤንዚን ትነት ግን ቢፈስ ማን ሊለቅመው?
ከአየር የከበደ፣ ታች ነው የሚከርመው፤
ከሞተሩ ጓዳ፣ ከወለሉ ሥር
አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቅ ነበር።

አየር አውጪው ጮኸ፤ ደስ የሚል ድምፅ ነበር፣
ሊንደንም በጣቱ ጀመረ መቁጠር።
እሷ ግን ጆሮዋን አላመነችውም፤
መዳፏን ከመውጫው አፍ ላይ ደቅና ጠበቀች።
ምንም።
ያንጎራጉራል እንጂ ትንፋሽ የለውም።

ተንበርክካ ገባች እስከ ወገቧ ድረስ፣
ጎትታ አወጣችው፦ ጎማው መሐል ለመሐል የተቀደደ፣
በአይጥ ጎጆ የታፈነ፣
ጥጡም ከራሱ ከሊንደን ነጭ ወንበር የተወሰደ።
«ይኸው» አለች። «ድምፅ አየር አይደለም።»

ግንባሯን ስትጠርግ
ላብ ይሁን ቤንዚን እንጃ፣ ግራ ቅንድቧ ተፋቀ፤
ከሥሩ ያለው ቆዳ
እንደ ማንኪያ ጀርባ አብረቀረቀ።
ትንሹ ልጅ አየ። «ምን ሆነሽ ነው?» አላት።
«ወንድሜ ቸኮለ፤ ዓሣው እንዳያመልጠን» አለች፣
ሌላ ቃል የላት።

አዲስ ጎማ ሰጠኋት። ጫፉን ወደ ታች፣
ከወለሉ አጠገብ፣ ከታቆረው ውሃ ትንሽ ከፍ አድርጋ አሰረች፤
የከበደ ነገር በአናት አይወጣማ!
ማራገቢያው ዞረ። አሁን ሌላ ዜማ።
ልጁ እጁን ዘረጋ፤ ነፋሱ ሞቅ ብሎ መዳፉን ሲመታው
ሳቀ፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ ፊቱን አጨማተረው።
«አሁንም ይሸታል።»
ሊንደን ሰዓቱን አየ። ፈታው። ከኪሱ ከተተው።
«እንግዲያው» አለች ኦዲል፣
«አዲስ አራት።»