መንታ ሽቦ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ያለቀበት፣
መስኮት ያልገባለት አራተኛ ፎቅ ቤት፣
ሴራሚክ አነጥፋለሁ፣ ቀኑን በጉልበት።
በጉልበት ስል ታዲያ ኃይሌን ማለቴ አይደለም፤
ተንበርክኬ ነው እንጂ፤ ያለዚያ አይነጠፍም።

በደረት ኪሴ ውስጥ፣ ከእርሳሴ አጠገብ፣
የክብሪት ቀፎ የምታህል ኤምፒ ስሪ አለችኝ፣
አቃቂ ገበያ፣ "ለአንተ ስል ነው" ብሎ አንዱ የሸጠልኝ።
ብቻዋን ምን ነበረች?
ጠዋት ዘፍና ዘፍና ቀትር ላይ ዝም አለች፣
ሲሚንቶ ገባባት፣ ሁለቴም ወደቀች፣
አንዴማ በደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ወረደች።

ጋሽ ድልነሳ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣
"ዕቃ ብቻውን አይቆምም" አለኝ፤ "አጃቢ ነው የሚያቆመው።
ድስት ያለ ክዳን፣ በር ያለ ማጠፊያ
ምን ሊሆን ነው? ሙት ነው! ግዛላት ማቀፊያ።"

አልገዛሁም። ከአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ
ጥቁር ቀሚስ ቀደድሁላት፣ ጠበቅ ያለ፣ አቧራ አባራሪ።
መብራት የለም ፎቁ ላይ፤ ገመድ ገና አልሳቡም፤
መዳፍ የምታክል ሶላር ገዛሁ፤ ለፀሐይ ቆጣሪ የለም።
በረንዳው ጫፍ ላይ አሰጣታለሁ፣ እንደ በርበሬ፤
አመሻሽ ላይ ሳነሣት ትሞቃለች፤ ጠግባለች እንደ በሬ።

ካርዷንም አስሞላሁ፣ ከታች ሞባይል ቤት፤
"ስንት ዘፈን?" አለኝ ልጁ። "የሚችለውን ክተት።"
ሺህ ሁለት መቶ ከተተልኝ፤ ግማሹን ዘፋኝ አላውቅም፤
አንዱማ የማላውቀው ሰው ሰርግ ነው፤ እልልታው አያልቅም።

ድምፅ ማጉያ ውድ ነው፤ ኪሴን ዳበስሁና ተውሁት፤
ባዶ የቀለም ባልዲ አጥቤ፣ እሷን አስተኛሁበት።
ሆዱ ገደል ሆነና ክራሩ በገና መሰለ፤
ጋሽ ድልነሳ ከምድር ቤት "የማን ሰርግ ነው?" አለ።

ከዚህ በላይ ምን ይጎድላታል? ሁሉ የተሟላ መሰለኝ፤
ኩለኒ ሲሚንቶዋን አውርዳ "ምን ትሰማለህ?" አለችኝ።

አንዱን ጆሮ ሰጠኋት፤ ሽቦው ግን አጭር ነበር፤
ስስቅ ይነቀላል፤ ስትነሣ ይወጠራል ከእኔ ጋር።
ደግሞም ማሲንቆው ለእሷ ሄደ፤ ለእኔ ከበሮው ቀርቶኛል፤
እሷ ስትተክዝ የእኔ ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

ቅዳሜ፣ ደመወዝ ስንቀበል፣ አቃቂ ወረድሁ፤
"አንዱን ለሁለት የሚከፍል" እያልሁ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ።
ሻጩ የእግር ጣት የምታህል፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ
አንዲት ነገር አወጣልኝ፣ ከአቧራማው ጓዳ።
"ሰማንያ!"
"ለዚህች?"
"ለሁለት ሰው አይደለችም?
አካፍላት! በነፍስ ወከፍ ከአርባ ብር አታልፍም።"

ሰኞ ምሳ ሰዓት፣ የሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀመጥን፤
ሁለት ሽቦ፣ አራት ጆሮ፤ ማሲንቆም ከበሮም አገኘን።
ከሺህ ሁለት መቶው ውስጥ ሦስቱ በእሷ ቋንቋ ነበሩ፤
ስትተረጉምልኝ ግን፣ "ይኸው፣ መንገድ ላይ በረዱ።"
ለሁለት ሲካፈል ደግሞ ድምፁ ቀነስ ይላል፤
"ጨምር" ትለኛለች፤ አውራ ጣቴ ይጨምራል።

ኅዳር ላይ ሥራው ተከፈለ። እሷን ወደ ኮዬ ፈጬ።
ክንዴን ነበር የሰጠኋት፣ ሙጫ በጥብጬ።
ሩቅ አይደለም፤ ከበረንዳው ብሎኮቹ ይታያሉ፤
ክሬን ሲዞር፣ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ፤ ሰዎቹ ግን አይለዩ።

ዛሬ ምሳዬን ጨርሼ፣ ሰክቼ፣ ተጫንሁ።
እንዴ! ጆሮዬን ሊበሳው ነው! ደንግጬ ነቀልሁ።
የተበላሸች መስሎኝ
ገመዷን አየሁ፣ ካርዷን፣
የጎማ ቀሚሷን ገልጬ ሆዷን።
ደህና ናት።
ድምፁ ነው እንጂ
ሳይካፈል፣ ሙሉውን ወደ እኔ የመጣ።

አንዱ ቀዳዳ ባዶ ነው፤
ትንሽ ሲሚንቶ ገብቶበታል።

አውራ ጣቴ ሁለት እርከን ቀነሰ፣
የሁለት ሰው ልክ እስኪሆን።