የሃመሶ ዜሮ

አሞራ ገደል ላይ ገና ሲነጋጋ፣
ጀልባው አንድ በአንድ ዳርቻውን ሲጠጋ፣
እኔ የማኅበሩ ደብተር ያዥ ነኝና
እርሳሴን ቀርጬ ቁጭ አልኩ እንደገና።

«ዱካሌ?» «አርባ ሁለት፤ ሁሉም ቆሮሶ ነው።»
«ላላሞ?» «አሥራ አንድ፤ አምባዛም አለው።»
«ሃመሶ?»
             ዝም አለ። መረቡን አራግፎ
ሣርና አረፋ ብቻ ወጣ ተቃቅፎ።

ከስሙ ፊት ለፊት አንዲት ክብ ጻፍኩኝ፤
ልጁ ዋሪቴ ግን አፈጠጠችብኝ፦
«ምንም እኮ የለም! ባዶ ነው መረቡ፤
ለሌለ ነገር ደግሞ ምን ያደርጋል ክቡ?»

ስምንት ዓመቷ ነው። ጥያቄዋ ግን ያረጀ፣
ስንቱን ነጋዴና ስንቱን ሊቅ የፈጀ።

ነይ ተቀመጪ አልኳት፣ ሣጥኑን ገልብጬ፤
ዓሣው ይመዘናል፣ ይህን ላውራ ቆርጬ።

ድሮ ሰው ሲቆጥር ያለውን ነበረ፤
ለሌለ በግ ጠጠር ማን አስቀምጦ አደረ?
በባቢሎን ምድር እርጥብ ጭቃ ይዘው
ቁጥር ይጽፉ ነበር በሸምበቆ ወግተው።
ሁለት ይጽፉና፣ ቦታ ትተው፣ አምስት፤
ክፍተቱ ጠበብ ካለ ይመጣል ስህተት።
ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ ብልኅ መጣ፤
ከክፍተቱ መሐል ትንሽ ጭረት ወጣ።
በሚኒባስ ወንበር ሻርፕ እንደሚጣል፣
«ሰው አለው» ለማለት፣ እንዲያ ይመስላል።

ሻርፕ ግን ሰው አይደለም። ቁጥርም አልሆነችም፤
ደምሩኝ፣ ቀንሱኝ ብላ አልጠየቀችም።

ህንድ አገር ነው ኋላ ነጥብ ሆና የታየች፣
ከነአንድ፣ ከነሁለት ተርታ የገባች።
«ካምስት አምስት ቢወጣ ስንት ቀረ?» ብለው፣
ዝም አላሉም፤ «ባዶ!» አሉ ቁጥር አድርገው።
ዓረቦች ወሰዷት፣ «ሲፍር» ብለው ጠሯት፣
በግመል፣ በመርከብ፣ ፈረንጅ ዘንድ አደረሷት።
እዚያ ግን አንዳንዱ በሩን ዘጋባት፦
«ስድስት ትሆናለች ጅራት ቢቀጥሉባት!
ዘጠኝም ትሆናለች!» እያለ ፈራት።

ዋሪቴ ሳቀች። «የኛስ?» አለችኝና
ካላንደሩን አወረድኩ ከግድግዳው ገና፤
ከ፩ እስከ ፲ በጣቴ ተከተልኩ።
አሥር የራሱ መልክ፣ መቶም የራሱ አለው፤
ቦታ አይጠብቅም፣ ክብ አያስፈልገው።
«አልቦ» የሚለው ቃል ነበር በግዕዝ አፍ፤
ስም እያላት ነው መልክ ያጣች በጽሑፍ።

«ገባኝ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፦
«ይሄኛውስ መስመር? ቀርቷል ባዶ ቆሞ።»

ዳንጊሶ አልወጣም፤ ተኝቶ ነው ያደረ።
የሚጻፍ የለውም፤ መስመሩ እንዲሁ ቀረ።
አባትሽ ግን ወጣ፣ ሌሊቱን ቀዘፈ፣
መረብ ጣለ፣ ሳበ፣ ብርዱን አሳለፈ፤
ሐይቁ እምቢ አለው እንጂ እሱ አልሰነፈ።
ክቧ የምትለው፦ ሄዷል፤ ፈልጓል፤
ያገኘው ተቆጥሯል።

እርሳሴን ነጥቃኝ ክቧን አደመቀች፤
ከአባቷ ጋር መረብ ልትጠቀልል ሄደች።
ጥቂት ራቀችና፦ «ለአባ ኮዳም ጻፍ!
እሱም ሲጠብቅ ነው ያደረው ካፋፍ።»

ጻፍኩ።