ተመታሁ

እሁድ ጠዋት፣ ቺባ፣ ከቶኪዮ ማዶ፣ ከጥዱ ጫካ በር፣
አርባ ጎልማሳ ሰው ኤርሶፍት ሊጫወት ጭቃ ላይ ሲሰፍር፣
ግማሹ ቢጫ ጨርቅ ክንዱ ላይ ሲያስር፣
ግማሹ ቀይ ሲያስር፣
እኔ የሂሳብ ሰው፣ የመርከብ ድርጅት፣
አምስት ቀን በሙሉ ከቁጥር ጋር ሙግት፣
ስድስተኛው እንቅልፍ፣ ሰባተኛው ጥይት።

ጥይት ስል፣ ጥይት ነው? የፕላስቲክ ፍሬ፣
ከሽንብራ ያነሰ፣ ቀላል እንደ ወሬ፣
ቢመታህ የሚተው ቀይ ነጥብ፣ እንደ ትንኝ፣
ሁለት ቀን የሚያሳክክ፣ በሦስተኛው የማይገኝ።

ዳኛው ካዙማሳ፣ ፊሽካው ባንገቱ፣
ደንቡን አነበበ እንደየሳምንቱ፦
«መነጽር አይወልቅም፤ ዓይን አይተካም።
ካስር ሜትር ወዲህ ቃታ አይሳብም።
ደግሞ ያ ትልቁ…» ብሎ ዝም አለና፣
ሁላችንን በዓይኑ አንድ ባንድ ቃኘና፣
«ፍሬው ቀለም የለው፣ ልብስ ላይ አይታይ፣
ጫካው አይመሰክር፣ እኔም ሁሉን አላይ፤
የተመታ ያውቃል። እጁን ያንሳ ወደ ላይ፣
‹ተመታሁ!› ይበልና ይውጣ ከጨዋታው፤
የዚህ ጨዋታ ዳኛ ራሱ ነው የተመታው።»

ፊሽካ።
ጫካው ዋጠን።

ቀርከሃው ሲፋጭ ኮቴ ይመስላል፣
ኮቴም ሲጠነቀቅ ቀርከሃ ይመስላል።
አለቃችን ሃጂሜ፣ ሃምሳን የዘለለው፣
በደረቱ ይሳባል፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ ነው፣
በሹክሹክታ «ግራ! ግራ!» ይላል፣
ግራው ግን እሾህ ነው፣ ሱሪ ይቀደዳል።
ከኋላዬ ሺዙማ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ገና አዲስ ጀማሪ፣
አንዴ ብቅ ቢል፣ ጣ! በቃ፣ ተቀነሰ፣
እጁን ሽቅብ ሰቅሎ፣ «ተመታሁ!» እያለ፣ እየሳቀ ተመለሰ።

ባንዲራው ይታየኛል፣ ከወደቀ ግንድ ጀርባ።
አንዲት ሴት ብቻዋን ትጠብቀዋለች፣
ቶሞኤ ይሏታል፣ ስድሳን አልፋለች፣
የትምህርት ቤት ነርስ ነበረች በፊት፣
ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ስታክም የኖረች፣ ሠላሳ ዓመት።

ሮጥኩ።
ከጎድን አጥንቴ ሥር አንዲት የጣት ጥቆማ።
ማንም አላየ። ማንም አልሰማ።
አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ጥርሴ ጋ ደረሰ፣
እግሬ ግን አልጠበቀም፣ ሩጫውን ጨረሰ።
እጄም ወደ ላይ ወጣ፣ ልክ ደንቡ እንዳለው፣
ግን ባንዲራ ጨብጦ ነው።

ቢጫዎቹ ጮሁ። ሃጂሜ ጉልበቱን ረስቶ ዘለለ፣
ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ እያለ፤
ስንቱ መታኝ ያኔ! «ተመታህ» ግን ማንም አላለ።

ምሳ። ሩዝ በካሪ፣ በወረቀት ሳህን።
ወረፋው ረጅም ነው፣ ቀይና ቢጫው ቅልቅል፣
የገደለ ለሞተ ማንኪያ ሲያቀብል።
ባለፈው ወር የመጣ አንድ ሰው ያማሉ፣
ተመትቶ ለማይወጣ «ዞምቢ» ነው የሚሉ፣
ሞቶ የሚራመድ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣
ሩዙን ካንዱ ጉንጬ ወደ ሌላው ላክኩ።

ቶሞኤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣
ሁለት ቁራጭ ፍጅል ሳህኔ ላይ አስቀመጠች፣
ስለ ባንዲራው ምንም አልተነፈሰች።
ብቻ፣ ዝቅ ባለ የነርስ ድምፅ፣
«ጎንህን አመመህ?»

«አላመመኝም» የሚል ስንት ልጅ አይታለች፤
ጥያቄውን ሳትጠይቅ መልሱን ታውቃለች።
አንድ የን ብትጎድል መዝገብ ላይ የማድር፣
ያቺን ጥቃቅን ፍሬ የት ገጽ ልሰውር?

ተነሳሁ። ሳህኔን መሬት አኖርኩ።
አርባ ሰው በሚበላበት መሃል ቆምኩ፣
እጄን፣ ባዶውን፣ ሽቅብ ሰቀልኩ፦
«ተመታሁ» አልኩ።

ዝምታ። ከዚያ ሃጂሜ፣ «አሁን? ካሪው ነው የመታህ?»
ሳቁ።
ካዙማሳ አልሳቀም፤ ሰዓቱን አየና፣
«አርባ ደቂቃ ዘገየ» አለ፤ ቦርዱ ጋ ሄደና
ከቢጫዎቹ ሥር አንዷን መስመር በመዳፉ ጠረጋት።
ሃጂሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላናገረኝም።
ቶሞኤ ፍጅሏን በላች።

ማክሰኞ ማታ፣ መስታወት ፊት፣ ነጥቡን ፈለግኩት፤ የለም።
ሐሙስ ግን፣ ቢሮ፣ ቁጥር ስደምር፣
ጣቴ ሳላዘው ሄዶ
እዚያችው ቦታ ያክካል።