ነኝ የት ይቀመጣል

ኪርያት ጋት፣ ከእኛ ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት በታች
አሥራ አራት ደረጃ የሚወርድ ክፍል አለ፤
በሩ ብረት፣ ግድግዳው ስሚንቶ፣
ለሮኬት ቀን ተሠርቶ
ማክሰኞ ማታ ለእንግሊዝኛ የዋለ።

ሺላ ከጆሃንስበርግ ናት፤ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤
ሻይ በፔርሙስ፣ ጠመኔ በኪሷ ይዛ ትመጣለች፤
ስንሳሳት አትቆጣም፣
ከእኛ ቀድማ ትስቃለች።

እኔ ወርቂት ነኝ።
በአየር ማረፊያው ወረቀት ዘሃቫ ተብያለሁ፤
ሰው ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ በሚለብስበት ፋብሪካ
ሌሊት ሌሊት ወለል አጥባለሁ።
በየበሩ ቀይ ጽሑፍ ተለጥፏል፤
ግቢ ይበል አትግቢ ሳልለይ
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ
እንደ ኩርፍተኛ ጎረቤት፣ አይቼ እንዳላየሁ አልፈዋለሁ።

ከጎኔ ጋሽ አደራው፤
የክኒኑን ስም ሊያነብ ነው የመጣው።
«የዋጥኩትን ሳላውቅ ብሞት» ይላል፣
«ምን በላህ ብባል እዚያ፣ መልሴ ምንድን ነው?»
ከፊታችን ሉድሚላ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረች፣
ያልተጠየቀችውን የምትመልስ፣
የተጠየቀችውን የምታርም።

የዚያን ዕለት ትምህርት አንዲት ትንሽ ቃል ነበረች።
«አይ። አም። ከዚያ የሆናችሁትን አስከትሉ» አለች።

እጄን አወጣሁ። ምን አስቸኮላት?
በእኛ አፍ «ነኝ» ወግ ያውቃል፤
እኔ፣ የበለሳዋ፣ የእንግዳሸት ልጅ፣
ሰባት ወልጄ አምስት ያሳደግሁ፣
ጉልበቴን የሚያመኝ፣ ወጥ ላይ ጨው የማበዛ፣
ይህ ሁሉ ተራ በተራ ካለፈ በኋላ
«ነኝ» ከሁሉ መጨረሻ ገብቶ በሩን ይዘጋል።

በዕብራይስጥ ደግሞ ጭራሹን የለም።
አኒ ሜናካ። እኔ፣ ጽዳት።
በመሐላቸው ባዶ ወንበር እንኳ አልተቀመጠም።
«በእኛም የለም» አለች ሉድሚላ፣ ማን ጠየቃት፣
«ያለሱ ኖረናል፤ ማንም አልሞተም።»

እንግሊዝኛ ግን ምን እንደሆንሽ ሳይጣራ፣
ስምሽ ሳይጻፍ፣ ሙያሽ ሳይጠራ፣
ነኝ በይ ትላለች አስቀድማ፤
በዱቤ እንደሚሰጥ ሱቅ፣
ቀሪውን ኋላ ትከፍያለሽ ብላ።

ሳይረኑ የጮኸው ያኔ ነው።
እኛ ወዴት እንሩጥ? ቀድመን ደርሰናል።
ደረጃው ግን በእግር ተናወጠ፤
የአራተኛ ፎቅ መንታዎች፣ ድመት ያቀፈች ሴት፣
ገላውን ሲታጠብ የተደረሰበት ጎረቤት
ፎጣ አገልድሞ፣ ሳሙና በጆሮው፣
እየዘለለ ገባና የብረቱ በር ተዘጋ።
አንድ ድምፅ።
ሌላ፣ ራቅ ያለ።
ከጣሪያው ኖራ ረግፎ ደብተሬ ላይ ዐረፈ።

የሺላ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ጠመኔውን ግን አልጣለችም።
ወደ ባለ ፎጣው ዞራ፣ «አንተስ?» አለች።
ሰውየው ሰሌዳውን አየ፣ እኛን አየ፣ ራሱን አየ፦
«አይ አም... ዌት።»
እርጥብ ነኝ!
መንታዎቹ ሳቁ፣ ድመቷ አመለጠች፣
ሉድሚላ እንኳ ሳታርመው ቀረች።

ጋሽ አደራው በተራው ተነሣ።
«አይ አም» አለ። «አይ አም...»
ቀሪው ጠፋበት። ቆመ። ተቀመጠ።
«አልሞላም» አለች ሺላ በዝግታ፣ «ሳምንት ትጨርሰዋለህ።»

አሥር ደቂቃ። በሩ ተከፈተ።
ደረጃው አጋማሽ ላይ ስልኬ መስመር አገኘ፣ ጮኸ፤
እህቴ ናት ከነቲቮት፣ ሰላምታ የለ፣ ስም የለ፦
«አለሽ?»
«አለሁ።»
ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ቃል አጣን።

ቆምኩ እዚያው፣ ሰባተኛው ደረጃ ላይ።
ጋሽ አደራው ምን አጎደለ?
ልነግረው ተመልሼ ወረድኩ፤
የክኒኑ ሰዓት ደርሶ ሄዷል፤
መነጽሩን ረስቶታል፣ ክፍሉ ባዶ ነው።
ከበሩ እስከ ሰሌዳው
የዚያ ሰውዬ እርጥብ እግር ታትሟል።
ልማድ ሆኖብኝ መወልወያ ፍለጋ ዞርኩ፤
ከዚያ ተውኩት።
ይድረቅ።