ቁልፍ ይዞ የመጣ ሌባ

ሌባ ስል የማውቀው በር የሚሰብረውን፣
ይኼኛው ዘግቶ ነው ደጅ ያስቀረን እኛን።

ሰኞ ሊነጋ ሲል በጋሊሺያ ወደብ፣
በረዶ ስዝቅ ነው፣ ሣጥን ስደራርብ፣
የጨረታው ሰሌዳ፣ ዋጋ ሲጠራ የኖረ፣
ቀላ፤ ተርገበገበ፤ በፊደል ታሠረ።

«ፋይላችሁ በእጄ ነው። ሰባ ሁለት ሰዓት።
ቤዛው በቢትኮይን። ካለፈ እጥፍ፤ ከዚያም ጥፋት።»

ቤዛ! ያን የመሰለ፣ የቅዳሴ ቃል፣
በሌባ አፍ ሲገባ እንዴት ይጎመዝዛል።

ሚዛኑ ደነዘ።
የኦክቶፐሱ ኪሎ፣ የባለጀልባው ስም፣ ዕዳው ሁሉ ተያዘ።
ፀረ ቫይረሱማ አሁን ነው የጮኸው፣
ጅቡ በልቶ ሲሄድ እንደሚጮኽ ውሻው።

ብራይስ ሮጦ መጣ፣ ፒጃማውን ለብሶ፣
ገመድ ሲነቃቅል፣ ካልሲው በበረዶ ርሶ።
«አትክፈሉ» ይላል፣ «ቁልፍ ማን ሊሰጠን?
የሰረቀ ምላስ በምኑ ሊታመን?»

ያኔ ነው ዶሲንዳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ የያዘች፣
ከወንበሯ ተነሥታ «እኔ ነኝ» ያለች።
«ዓርብ ማታ፣ ከሎይስ፣ ከመረብ ሻጩ፣
ደረሰኝ መሰለኝ። ከፈትኩት።»
ስሙን በአንድ ፊደል ብቻ ነበር ያሳሳቱት።

ማንም አልተናገረም። በረዶዬን ዛቅሁ።
ስንት እንደከፈትሁ እኔው ስለማውቅ ዝም አልሁ።

ከዚያ ከቦርሳዋ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፤
ውስጡ ትንሽ ዲስክ፣ በፎጣ ታስሮ።
በየአሥራ አምስት ቀኑ ገልብጣ፣ ነቅላ፣ ቤቷ ስትወስደው፣
«ዶሲንዳ፣ ቁጥሩን ጠብሰሽ ልትበዪው?»
ብለን የሳቅንባት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያደረ፣
ሌባው ያልደረሰበት፣ ያ ብቻ ነበረ።

ዘጠኝ ቀን ይጎድላል፤ እህቷ ታማ ነበር።
እሱን ከየአፋችን ለቀምነው፣ በጀልባ፣ በሣጥን፣ በቁጥር።
አንዱ ሦስት ሣጥን ጨመረ (ስሙን አልጠራም)፤
ባሕሩም ቢሆን ሒሳቡን አጥርቶ አያውቅም።

ጨረታው በድምፅ ሆነ፤ ጉሮሯችን ተሰነጠቀ።
ሰዓቱ ዜሮ ሲገባ ማንም ቀና አላለ፤ ኦክቶፐሱ አለቀ።

ዛሬ ዲስኩ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ ያድራል፣
ከአልጋ ሥር። ሚስቴ ትስቃለች፤ «መቼ ይፈለፈላል?»

ዶሲንዳ ግን ደረሰኝ በመጣ ቁጥር ሁሉ፣
ስልክ ታነሣለች (ሎይስ ሰልችቶታል አሉ)፤
«አንተ ነህ የላክኸው?»
«እኔ ነኝ፣ ዶሲንዳ።»
«በል ስንት ጥቅል መረብ?» ትላለች፤
እጇን ከማውሱ አርቃ፣ ቆጥሮ እስኪነግራት ትጠብቃለች።